ያየ ሰው ምን ዕዳ አለበት?
ስለ አየር፣ ስለ ጤናና ስለ ባልንጀራ የቀረበ ሐሳብ

ሰው ባላወቀው ነገር አይጠየቅም የሚለው አባባል በሕግም ሆነ በሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ የቆየ ነው። ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን አባባል ሳይመረምሩ አልተቀበሉትም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በታላቁ የሥነ መለኮት ድርሳኑ አለማወቅን ሲመረምር ሁለት ዓይነት አለማወቅ መኖሩን ያስተምራል። አንደኛው ሰው ሊደርስበት የማይችለውን ወይም ሊያውቀው የማይገደደውን ነገር አለማወቅ ሲሆን፣ ይህ በደል ተብሎ አይቈጠርም። ሁለተኛው ግን ሊያውቀው የሚችለውንና የሚገባውን ነገር ቸል ብሎ ሳያውቅ መቅረት ነው፤ ይህኛው ከበደል ይቈጠራል። እንግዲህ ትናንት ሊታወቅ የማይችል የነበረ ነገር ዛሬ ሊታወቅ የሚችል በሆነ ጊዜ፣ ትናንት ንጹሕ የነበረው አለማወቃችን ዛሬ ምን ይባላል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በምንተነፍሰው አየር ላይ አድርጎ ለመመርመር ይሞክራል።

ከላይ የሚታየው

አየር አይታይም ስንል ኖረናል። አሁን ግን ከምድር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ያዩታል። የአሠራራቸው ምሥጢር በብርሃን ላይ የተመሠረተ ነው። የፀሐይ ብርሃን በአየር ውስጥ አልፎ ምድርን ከነካ በኋላ ወደ ላይ ሲመለስ፣ በመንገዱ ያገኘው ጋዝ ሁሉ ከብርሃኑ የተወሰነውን ክፍል ያስቀርበታል። እያንዳንዱ ጋዝ የሚያስቀረው ክፍል የተለየ ስለሆነ፣ ሳተላይቱ የጐደለውን ብርሃን በማንበብ በአየሩ ውስጥ ምን እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ያሰላል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ወደ ሰማይ ያመጠቀው ሴንቲኔል-5ፒ የተባለው ሳተላይት የያዘው ትሮፖሚ የተሰኘ መሣሪያ፣ ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ከሚቃጠል ነገር የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌሎችንም ጋዞች በዚህ መንገድ በየቀኑ እንዲለካ ተደርጎ የተሠራ ነው።

እሳትንም ከላይ ማየት ይቻላል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2002 ያመጠቃቸው ቴራና አኳ የተባሉት ሳተላይቶች፣ በምድር ላይ የሚነድደውን እሳት ከሙቀቱ ለይተው በካርታ ላይ በነጥብ እንዲያመለክቱ የሚያስችል መሣሪያ ይዘው ነበር የወጡት። በእነዚህ ካርታዎች ላይ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቆላ የተመለከተ ሰው፣ በበጋ ወራት ከጫግኒ በስተ ምዕራብ ወደ መተከል የሚወርደው አገር በቀይ ነጥቦች ተሞልቶ ያየዋል። ነዋሪው ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት፣ ለእርሻው መሬት ለማጽዳት ወይም ለአደን ሲል ደረቁን ሣር ማቃጠሉ ከጥንት የወረሰው ልማድ ነው። ጢሱም የዞንና የክልል ወሰን ሳያውቅ ነፋሱ ወደ ወሰደው ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ለጤና ምን ይጠቅማል ቢባል፣ መልሱ በጢስ ውስጥ ባለው ደቃቅ ብናኝ ላይ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ብናኝ ከሰው ጠጉር ውፍረት በሠላሳ እጅ ገደማ ያነሰ በመሆኑ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይገታ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ደም ይገባል። የሕፃናት የሳንባ ምች፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ደም ሥር ላይ የሚደርስ አደጋና የሳንባ ካንሰር ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥና በውጭ ያለው የአየር ብክለት በጠቅላላው በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያለ ዕድሜው እንደሚቀጥፍ ይገምታል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ሊኖር የሚገባው የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ መጠን ቀድሞ ከነበረው 10 ማይክሮግራም ወደ 5 ዝቅ እንዲል መክሯል። መለኪያ በሌለበት አገር ይህ መጠን መታለፉንና አለመታለፉን ለመገመት ቀዳሚው መንገድ ከሳተላይት የሚገኘው መረጃ ነው።

ከላይ የማይታየው

ይሁን እንጂ ይህ ዓይን ሁሉን የሚያይ አይደለም፤ ሁሉን የሚያይ አንድ እርሱ ብቻ ነውና። ትሮፖሚ በአንድ ነጥብ የሚለካው ስፋት አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል በሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ አንድ ትንሽ ከተማ ከነመንደሯ ተጠቅልላ ትገባለች። ሳተላይቱ በአንድ ሥፍራ ላይ የሚያልፈው ከቀትር በኋላ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ስለሆነ፣ ማለዳ ለቁርስ፣ ማታ ለራት የሚነደውን እሳት አያገኘውም። ክረምት በገባ ጊዜ ደግሞ የአዊ ሰማይ በደመና ስለሚሸፈን ለብዙ ቀናት ምንም ሳያይ ያልፋል። ከዚህም በላይ የሚለካው ከምድር እስከ ላይ ያለውን የአየር ዓምድ በሙሉ እንጂ በሰው አፍንጫ ቁመት ላይ ያለውን ብቻ አይደለም። የዓምዱን መጠን ወደምንተነፍሰው አየር ለመለወጥ በምድር ላይ የተተከለ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ይህም በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጣሪያ ነው። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኝ የሚያህለው ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በሰብል ተረፈ ምርት ወይም በከሰል ነው። ደጋማዋ እንጅባራ ላይ ለብርዱ ሲባል ደጃፉ ተዘግቶ እሳቱ ቤት ውስጥ ይነዳል። እናት ምጣዱን ጥዳ ጢሱን በዓይኗ እያነባች ስትጋግር፣ ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ እርሷ የምትተነፍሰውን ይተነፍሳል። ከሰማይ የተላከው ዓይን ከዚህ ጣሪያ በላይ ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግድያና ግጭት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ወገኖቻችን በጫግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ሥፍራ በተጠለሉ ጊዜ፣ በሸራ ሥር በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት ጢስ በየትኛውም የሳተላይት ካርታ ላይ ለብቻው ነጥብ ሆኖ ሊወጣ አይችልም ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ትምህርት ከዚህ እናገኛለን። ማንኛውም መለኪያ አንዱን ገልጦ ሌላውን ይሰውራል። ትልቁ እሳት ይታያል፤ ትንሹ እሳት አይታይም። ነገር ግን በሰው ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በእሳቱ ትልቅነት ሳይሆን በሰውዬውና በእሳቱ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል። ስለዚህ የሚታየውን ብቻ እንደ እውነት የሚቈጥር ሰው፣ በማየቱ ብዛት ምክንያት ባልንጀራውን ይስተዋል።

የታየ ሰው ተከሳሽ ነውን?

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ፍትሕ ነው። በካርታው ላይ ያለው ቀይ ነጥብ በቀላሉ ወደ ክስ ይለወጣል። የቆላው ገበሬ አቃጠለ፤ ከሰል አክሳዩ አጨሰ፤ በማለት ጣት ለመቀሰር ይመቻል። ነገር ግን የፋግታ ለኮማን ወረዳ ምሳሌ እንመልከት። አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቈርጦ እያከሰለ መሸጥ ጀመረ። ተራቁቶ የነበረው ኮረብታ በዚህ ሳቢያ በደን መሸፈኑን ያሳዩት እነዚሁ የሳተላይት ሥዕሎች ናቸው። በአንድ በኩል የተጐዳ መሬት አገገመ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቆርቆሮ ቤት ተሠራ። በሌላ በኩል ያ እንጨት በአፈር ተዳፍኖ ቀናት ሙሉ ሲጨስ አጠገቡ የሚያድረው ያው ገበሬ ነው። ከሰሉ ደግሞ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይደርስና ቡና ይፈላበታል፤ ወጥ ይሠራበታል። እንግዲህ ጢሱ የማን ነው? ያከሰለው ብቻ ነውን? ወይስ የገዛውም፣ ሌላ ማገዶ ያላቀረበለትም መንግሥትና ኅብረተሰብ ድርሻ አላቸው?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መታየት የሚነግረን ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። አገልጋዪቱ አጋር ከእመቤትዋ ሸሽታ በምድረ በዳ ሳለች ያገኛትን ጌታ የሚያያት አምላክ ብላ ጠራችው። በእርሱ መታየቷ ለክስ አልነበረም፤ ማንም ያላሰባት ሴት መታሰቧን ያወቀችበት ነበር። በኋላም ከልጇ ጋር በውኃ ጥም ልትሞት በቀረበች ጊዜ እግዚአብሔር ዓይኗን ከፍቶ የውኃ ጕድጓድ አሳያት። መለኪያዎቻችን ከዚህ ሊማሩ ይገባል። ድሀን ለማየት ብቻ ከላይ የሚመለከት ዓይን ለድሀው ስጋት ይሆንበታል፤ ውኃው ያለበትን የሚያሳይ ዓይን ግን ወዳጁ ነው። ማቃጠልን ከመከልከል በፊት ለከብቱ መኖ፣ ከሰል ማክሰልን ከመንቀፍ በፊት ለቤተሰቡ ሌላ ገቢ ማሰብ የፍትሕ ቅደም ተከተል ነው።

መድኃኒት የሌለው እውነት

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ሌላ ማገዶ ለሌላት እናት የምትተነፍሰው አየር ልጇን እንደሚጐዳ መንገር ምን ይጠቅማታል? ጭንቀት ከመጨመር በቀር ምን ይሰጣታል? ይህ ተቃውሞ ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ደግሞም መድኃኒቱ እንደምናስበው ቅርብ አይደለም። የአዊ ዞን ጎረቤት በሆነው በሜጫ ወረዳ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ለብዙ ቤተሰቦች ታድሎ፣ በሕፃናት ጤና ላይ ያመጣው ለውጥ ምድጃውን ካላገኙት ጋር እየተነጻጸረ ተጠንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት፣ የሕፃናቱ ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም በጉልህ አለመቀነሱን ያሳያል። ምድጃው ማገዶ ይቈጥባል፤ የእናትንም ድካም ያቃልላል። ነገር ግን ጢስን በከፊል መቀነስ ጤናን ሙሉ በሙሉ እንደ መመለስ አይደለም። ከእንጀራው ምጣድ ሌላ የወጡ እሳት አለ፤ የጎረቤት ጢስ አለ።

ሆኖም ከዚህ የሚከተለው ዝም ማለት አይደለም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። እናቲቱ ሕሙም ልጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሕመሙን ምክንያት የማወቅ መብት አላት፤ እውነትን ከእርሷ መሰወር እንደ ሕፃን መቍጠር ነው። ነገር ግን እውነት ለሁሉም እኩል ሸክም አይጭንም። ሸክሙ እንደ አቅም ነው። እርሷ ልታደርግ የምትችለው ጥቂት ነው፤ ባለሥልጣኑ፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ባለሀብቱና ቤተ ክርስቲያን ሊያደርጉ የሚችሉት ብዙ ነው። ስለዚህ መረጃው አስቀድሞ ሊደርስ የሚገባው ወደ እነርሱ ነው። መረጃውን ወደ ድሀይቱ ብቻ ልኮ ራስሽን ጠብቂ ማለት፣ የብዙዎችን ዕዳ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ መጫን ነው።

ዓይኑ የማን ነው?

ሌላው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የደቃቅ ብናኝን መጠን የሚለካ መሣሪያ ተክሎ ውጤቱን ለሕዝብ ያሳውቅ ነበር። ተመራማሪዎችም የሳተላይቱን ግምት ለማረም ብዙ ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚወጣውን ይህን መረጃ ማሠራጨት አቆመ። የሰጠውን መልሶ የወሰደውን ለመውቀስ ይህን አናነሣም፤ በስጦታው ላይ ተደግፈን የራሳችንን ሳንተክል መቆየታችን ግን ሊያሳስበን ይገባል። በሰው ዓይን የሚያይ፣ ባለ ዓይኑ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ይጨልምበታል።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሕዋ ልካለች፤ መረጃዋም በእንጦጦ ይቀበል ነበር። ዋና ተግባሯ ግን እርሻን፣ ውኃንና ደንን ማየት እንጂ የአየርን ጋዞች መለካት አልነበረም። ናሳና የጣልያን የጠፈር ድርጅት የብናኝን ዓይነትና በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማጥናት ባዘጋጁት ማያ በተባለ መሣሪያ ደግሞ፣ ለጥናቱ ከተመረጡት የዓለም ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት። ይህ መልካም ነው። ጫግኒ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ልትኖርም አትችልም። ሳይንስ ብዙ ሕዝብና ብዙ መለኪያ ወዳለበት ያዘነብላልና።

የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሐዋርያዊ ሕገ ደንብ፣ የምድር በረከት ሁሉ ለሰው ልጆች ሁሉ ጥቅም የተሰጠ መሆኑን አስተምሯል። አየር ከዚህ በረከት የመጀመሪያው ነው፤ ማንም አጥሮ ሊይዘው አይችልምና። አየር የሁሉ ከሆነ፣ ስለ አየር የሚገኘው እውቀትም የሁሉ መሆን ይገባዋል። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። መብቱ መጣስ አለመጣሱን የሚያውቅበት መንገድ የሌለው ሰው ግን መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀርበታል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ውዳሴ ላንተ ይሁን በተሰኘው መልእክታቸው ስለ አየር ብክለት ሲናገሩ፣ ለማብሰያና ለማሞቂያ ከሚነደው ማገዶ በሚወጣው ጢስ የሚታመሙትን ሰዎች አልዘነጉም። ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጎን የድሀውን ምድጃ ማስቀመጣቸው ሊስተዋል የሚገባ ነው።

ከማየት ወደ መውረድ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ትናንት የማይታወቅ የነበረው ዛሬ ሊታወቅ ከቻለ፣ አለማወቃችን እንደ ቀድሞው ንጹሕ አይደለም። ቢያንስ የመጠየቅ ዕዳ አለብን። ይህ ግን የዕዳው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ጌታችን በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ያስተማረውን እናስታውስ። ካህኑም አየ፤ ሌዋዊውም አየ፤ ሳምራዊውም አየ። በማየት ሦስቱም እኩል ነበሩ። የለያቸው ሳምራዊው መቅረቡ ነው። ቁስሉን ያሰረው በእጁ ነበር፤ እጅ ደግሞ ከሩቅ አይደርስም።

በኦሪት ዘፀአትም እግዚአብሔር በግብፅ የነበረውን የሕዝቡን መከራ እንዳየ፣ ጩኸቱን እንደ ሰማ ተጽፏል፤ ነገር ግን በዚያ አላበቃም፤ ሊያድናቸው ወረደ። የመለኮት እይታ ሁልጊዜ ወደ መውረድ ያዘነብላል፤ ፍጻሜውም ቃል ሥጋ መሆኑ ነው። ሳተላይት ግን መውረድ አይችልም። ያየውን ያስተላልፋል እንጂ ወደ ማድቤት አይገባም፤ ጕልቻ አያቃናም፤ ሕፃን አይቀበልም። መውረዱ ለእኛ የተተወ ሥራ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በዚህም እውነት ነው።

ስለዚህ ቁምስናዎቻችን ሊያደርጉ የሚችሉትን ማሰብ አለብን። ማድቤቱን ከመኝታ መለየት፣ ጢሱ የሚወጣበትን መስኮት መክፈት፣ እናት በምትጋግርበት ሰዓት ሕፃኑን ሌላ ሰው እንዲይዝላት ማድረግ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ አንድዶ መተኛት ሽታ በሌለው ጋዝ እንደሚገድል ከበዓላት በፊት ማስተማር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የምድጃው ነገር የሴቶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱም ሊቀር ይገባል፤ ከጋገረችው እንጀራ የሚበላ ሁሉ ከጢሷም ድርሻ አለውና። በቆላና በደጋ የሚኖሩ ሕዝቦች ሣር ስለሚቃጠልበት ጊዜና ሥፍራ በሽምግልና እንዲመካከሩ ማበረታታት ለሰላምም ይጠቅማል። ወደ ላይ ደግሞ፣ በዞናችን ቢያንስ አንድ የአየር መለኪያ በጤና ተቋም ግቢ እንዲተከልና ውጤቱ በሕዝብ ቋንቋ፣ በአማርኛም በአዊኛም፣ እንዲነገር ባለሥልጣናትን በትሕትና መጠየቅ ይገባናል። አንድ መለኪያ በምድር ላይ ሲኖር፣ ከላይ የሚያየው ዓይን የእኛን አየር በእውነት ማንበብ ይጀምራልና።

እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር በፈጠረው ጊዜ የሕይወትን እስትንፋስ እፍ አለበት። ስለዚህ የሰው እስትንፋስ ከእርሱ የተሰጠ አደራ ነው። ያንን አደራ የሚያጠፋውን ነገር ለማየት የሚያስችል ጥበብ በዘመናችን ተሰጥቶናል። የተሰጠንን ተጠቅመን ወደ ባልንጀራችን ብንቀርብ ማየታችን በረከት ይሆንልናል። አይተን ካለፍን ግን፣ ባላየን ይሻለን የነበረ ሰዎች እንሆናለን።